«ምን በልተህ ወጣህ?»፦ የራስ ምታት ታሪክ ከዳማከሴ እስከ ክኒን

ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ወርውሮ «ራሴን ፈለጠኝ» ሲል አያት ቶሎ ወደ መድኃኒት አይሮጡም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። «ምን በልተህ ወጣህ? ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ላይ ቆመሃል? ተጣጥበህ ፀሐይ ላይ ወጥተሃል?» መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው ጓሮ ወርደው ዳማከሴ የሚቀጥፉት። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ልጁን ያሸትቱታል፤ ግንባሩንና ማጅራቱን በጭማቂው ይቀቡታል፤ ከተረፈው ቡና ውስጥ ጠብ አድርገው ያጠጡታል። ከዚያ ጋቢ ተደርቦለት ላብ እስኪያጠምቀው ይተኛል።

በሽታው ምች ይባላል። የምግብ ሽታ፣ በተለይም የገንፎ ወይም የነጭ ሽንኩርት፣ ከሰው ገላ ሳይለቅ ፀሐይ ሲያገኘው «ምች ይመታዋል»። ራስ ምታት፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ይከተላሉ፤ አንዳንዴም ከንፈር ላይ ቁስል ይወጣል። ዛሬ ሐኪም ይህን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራውም። የከንፈሩ ቁስል ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ሥራ ነው፤ ትኩሳቱ የጉንፋን ወይም የወባ ሊሆን ይችላል፤ ራስ ምታቱም ሚግሬን ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የአያት ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። ፀሐይ፣ የውኃ ጥም፣ የምግብ መዛባትና ጠንካራ ሽታ በእርግጥም ሚግሬን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ናቸው። ዳማከሴም ቢሆን በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ትኩሳት የማብረድ ኃይል እንዳለው ታይቷል። በሰው ላይ መጠኑ ተለክቶ የተረጋገጠ መድኃኒት ግን ገና አይደለም።

ከምች የሚቀድም ሌላ ስም አለ። ግእዙ ራስ ምታትን ፍልጸት ይለዋል፤ አማርኛው «ፈለጠኝ» የሚለው ከዚያው ሥር ነው፤ እንጨት ከሚፈለጥበት። በጥንቶቹ የብራና ክታቦች ላይ ፍልጸትና ቍርጸት፣ ማለትም የራስና የሆድ ሕመም፣ ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። ቃላቱ ቤት እንዲመቱ ታስቦ ይሆናል የተጣመሩት፤ ሆኖም ልጆችን የሚያክም ሰው ሲያነባቸው ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ሚግሬን ያለበት ሕፃን ብዙ ጊዜ ሆዱንም ያመዋልና። ክታቡ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ይሠራና ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙም በጸሎቱ መሐል ይገባል። ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙት ክታቦች አንዳንዶቹ ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተተክቶበታል፤ ሕመሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ብራናውም አብሮ ተሻግሯል ማለት ነው።

በየቤቱ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ማሽተት፣ ራስን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ አናት ላይ ቅቤ ማድረግ ነበረ፤ አሁንም አለ። እነዚህ ማንንም አይጎዱም። ዋግምት ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ቆዳው በምላጭ ይበጣና ቀንድ ይደፋበታል፤ በቀንዱ ጫፍ አየሩ ተመጥጦ ደሙ ይሳባል። አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ሲውል የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ፣ ባልጸዳ ስለትም መንጋጋ ቆልፍ ሊገባ ይችላል። ይህኛው ልማድ ቢቀር የሚቆጨው ሰው ሊኖር አይገባም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የቡና ነገር ነው። ዛሬ «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» የማይል ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ነገሩ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የነበረ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ክርስቲያን ቡናን የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ ነው እያለ ለረጅም ዘመን ሲሸሸው ኖሯል። ይህ አመለካከት የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ጥላቻውን ለማስቀረት መድከማቸው ለለውጡ ረድቷል። እንግዲህ «የሱስ ራስ ምታት» በደጋው ክርስቲያን ቤት ዕድሜው ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም የሚበልጥ አይደለም።

አሠራሩም ይታወቃል። በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን እ.ኤ.አ. በ1819 ለይቶ ያወጣው ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠባል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሲያቆም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜም ራሱን ማመም ይጀምረዋል። አቦል ሲቀመስ ሕመሙ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ሰውም «ቡና መድኃኒት ነው» ይላል። መድኃኒቱ ግን ራሱ ያመጣውን ሕመም ነው ያስታገሰው። ከቤተሰብ ጋር ጠዋት ማታ በረካ ድረስ የሚጠጣ የ16 ዓመት ልጅ የፈተና ሰሞን ቡና ሳይጠጣ ሲሮጥ ቢውል፣ ከሰዓት በኋላ የሚያመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጾምም አለ። ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ራስ ምታት ላለበት ወጣት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት የሆስፒታል ሠራተኞች በዮም ኪፑር ዕለት ታይተው ነበር፤ ከጾሙት 39 በመቶዎቹን፣ ካልጾሙት ግን 7 በመቶዎቹን ብቻ ራሳቸውን አሟቸዋል። የሪያድ ተመራማሪዎችም በረመዳን የመጀመሪያ ቀን ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነውና ሕመም ያለበት ልጅ ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከሩ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛን አታስገድድም።

ክኒን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አስፕሪን በጀርመን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሜራብ የተባለው ጆርጂያዊ ሐኪም በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ዛሬ ፓራሲታሞል ከሰፈር ሱቅ በፍሬ ይገዛል። መገላገሉ ፈጣን ነው፤ የቀረው ግን ጥያቄው ነው። ባለ ሱቁ «ምን በልተህ ወጣህ?» አይልም። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ መውሰድ ከሦስት ወር በላይ ከዘለቀ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። አስፕሪን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ በተለይ ከቫይረስ ሕመም በኋላ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊያስከትል ይችላል።

ጥያቄን መዝለል ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ የበሽታ ስም ያስታውሳል፦ ማጅራት ገትር። ስሙ ምልክቱን ተሸክሟል፤ ማጅራትን የሚገትር። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. ወረርሽኙ በኢትዮጵያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጥቅቷል። ስለዚህ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከማጅራት መድረቅ ጋር ሲመጣ፣ በድንገት እንደ መብረቅ ሲወድቅ፣ ልጁን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሰው፣ ጠዋት ጠዋት ከትውከት ጋር ሲመላለስ፣ ዓይን ሲያደበዝዝ ወይም እጅ እግር ሲያሰንፍ ዳማከሴም ክኒንም ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ራስ ምታትን አገር ውስጥ የቆጠሩትም ታሪክ አላቸው። በነርቭ ሕክምና የሚታወቁት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ ገጠር ከ15,000 በላይ ጎልማሶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ሚግሬን ያገኙት በ3 በመቶው ላይ ነበር። እኚሁ ፕሮፌሰር የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት ግን 17.7 በመቶ አለ። ይህን ያህል ልዩነት በሽታው ስለበዛ ብቻ የመጣ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ቦታውም የአጠያየቁ ዘዴም ተለውጧል። «ራስህን ያምሃል?» ተብሎ «እኔ ጤነኛ ነኝ» የሚል ገበሬ፣ «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን አመመህ? ብርሃን ያስጠላሃል? ያቅለሸልሽሃል?» ሲባል ብዙ የሚናገረው አለው።

ዛሬ ጠንቃቃ ሐኪም ተደጋጋሚ ራስ ምታት ላለበት ወጣት ቅድሚያ የሚሰጠው ባዶ ደብተር ነው። ልጁ ለአንድ ወር ያመመውን ቀንና ሰዓት፣ የተኛበትን ጊዜ፣ ቁርስ መብላት አለመብላቱን፣ የጠጣውን ውኃና ቡና፣ የዋጠውን ክኒን ይጽፍበታል፤ ልጅቷ ከሆነች የወር አበባዋንም። ሰሌዳው ከርቀት የሚደበዝዝበት ከሆነ ዓይኑ ይታያል፤ በጭስ ቤት የሚያጠና ከሆነ ቦታ ይቀየርለታል። ወሩ ሲያልቅ ሐኪሙና ልጁ ደብተሩን ገልጠው ያመመውን ቀን ከዋዜማው ጋር ያስተያያሉ፦ የት ዋልክ፣ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ምን በልተህ ወጣህ።