ሸክላው፣ መንኮራኩሯና የስክሪኑ ፕሬዚዳንት

ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ የምንጫወታት አንዲት ጨዋታ አለችን። አንዱ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ይጠራል፣ የቀረነው እናገናኛለን፣ ካቃተን ሂሳቡን እንከፍላለን። ባለፈው አንዱ ጓደኛችን «ሰው አልባ መንኮራኩርና የፊልም ፕሬዚዳንት» ብሎ ጣለብን። ተስፋ ቆርጠን ኪሳችንን መዳበስ ስንጀምር ሌላው «ጄፍ ብሪጅስ!» ብሎ ጮኸ።

ልክ ነው። ብሪጅስ በ1984 በወጣው «ስታርማን» ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ እንቁጠርና እንገላገል።) ማን ጠርቶት መጣ ቢባል ቮዬጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር ይዛው የሄደችው ሸክላ ነው የጠራው። የተጠራው እንግዳ ሲደርስ ታዲያ አሜሪካኖቹ የመጣበትን መንኮራኩር መትተው ይጥሉበታል፣ ከዚያም ከስቴት ስቴት ያሳድዱታል። ፊልሙ ሸክላው ላይ የሮሊንግ ስቶንስን ዘፈን አስገብቷል፤ እውነተኛው ላይ ግን ያለው ቸክ ቤሪ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2000፣ ያው ብሪጅስ «ዘ ኮንቴንደር» ላይ ጃክሰን ኢቫንስ የሚባል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ብቅ አለ። በአንዱ ፊልም መንግሥት ያሳድደዋል፣ በሌላው መንግሥቱ እሱ ራሱ ነው። በሁለቱም ለኦስካር ታጭቶ በሁለቱም ባዶ እጁን ተመልሷል።

ጨዋታው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። እንዲያውም ሦስት ቀን ፈጀብን።

ሆሊዉድ ሲባል መቼም ቁጥር መጨመር ይወዳል። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ላይ ወደ ምድር የሚገሰግስ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠፋ «ቪጀር» የሚባል ግዙፍ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ካፒቴን ኪርክ የስሙን ሰሌዳ በእጁ ጠረግ ጠረግ ሲያደርገው «ቮዬጀር 6» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ፈጣሪውን ፍለጋ የተመለሰ የኛው እቃ ነው። በእውነቱ ዓለም የተላኩት ቮዬጀሮች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። «ዘ ዌስት ዊንግ» የተባለው የዋይት ሃውስ ድራማ ደግሞ በኖቬምበር 2000 ባሳየው አንድ ክፍል «ጋሊሊዮ 5» የምትባል መንኮራኩር ወደ ማርስ ልኳል። እውነተኛዋ ጋሊሊዮ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ያኔም ጁፒተርን እየዞረች ነበር፣ በ2003 ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር እንድትወድቅ እስኪደረግ ድረስ።

ያቺ የ«ዌስት ዊንግ» ክፍል ትንሽ ታቆየን። ማርቲን ሺን የሚጫወተው ፕሬዚዳንት ባርትሌት በቴሌቪዥን ቀርቦ በመላ አገሪቱ ካሉ ተማሪዎች ጋር ስለ ማርስ ሊያወራ ተዘጋጅቷል። ሰውየው የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው፤ ማስተማር ሲያገኝ ነፍሱ ናት። ልክ በሰዓቱ መንኮራኩሯ ድምጿ ይጠፋል። አማካሪዎቹ «ይሰረዝ፣ አይሰረዝ» ይባባላሉ። የፕሬስ ኃላፊዋ ግን ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሲሳሳቱም ማየት አለባቸው የሚል ሐሳብ ይዛ ትከራከራለች። ጸሐፊዎቹ ይህን ከየት እንዳመጡት መገመት አይከብድም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1999፣ ናሳ በሦስት ወር ውስጥ ማርስ ላይ ሁለት ጊዜ ከስሮ ነበር። በሴፕቴምበር የጠፋችው የማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ታሪክማ የታወቀ ነው፤ ምድር ላይ የቀሩት ሰዎች አንደኛው ወገን በፓውንድ ሲያሰላ ሌላው በኒውተን ስለተቀበለው ነው መንገድ የሳተችው። በዲሴምበር ደግሞ የማርስ ፖላር ላንደር ልታርፍ ስትወርድ ድምጿን አጥፍታ ቀረች። ባርትሌት ያንን ክሽፈት ተረክቦ በክብር ተወጣው። እኛ ግን አንድ ነገር ታዘብን፤ መንኮራኩሯም ፕሬዚዳንቱም የተጻፉ ስለሆኑ ለባርትሌት ይህ ቀላል ነው። ንግግሩ ካላማረ እንደገና ይቀረጻል።

እውነተኛ ፕሬዚዳንት ቢሆንስ? እሱም ይቻላል፤ በ1997 ተደርጓል። የካርል ሴጋን ልብ ወለድ «ኮንታክት» በ1985 ሲታተም ፕሬዚዳንቷ ሴት ነበረች። ሮበርት ዜሜኪስ ወደ ፊልም ሲቀይረው እሷን አወጣና ቢል ክሊንተንን አስገባ። ተዋናይ አይደለም፣ ራሱን ክሊንተንን! ዜሜኪስ በ«ፎረስት ጋምፕ» ቶም ሃንክስን ከሞተው ኬኔዲ ጋር ያጨባበጠ ሰው ነው፤ ለሱ ይሄ ቀላል ሥራ ነው። ክሊንተን ኦገስት 7 ቀን 1996 አንታርክቲካ ላይ ስለተገኘች የማርስ ድንጋይ መግለጫ ሰጥቶ ነበር። ሳይንቲስቶች የሕይወት ምልክት ሳይኖርባት አይቀርም ብለው አገር አናውጠዋል። ዜሜኪስ የዚያን መግለጫ ቅጂ ወስዶ ቆራርጦ ቪጋ ከምትባል ኮከብ ስለመጣ መልእክት የተነገረ አስመሰለው። ፊልሙ ሲወጣ የዋይት ሃውስ የሕግ አማካሪ ለዳይሬክተሩ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ፊልሙ ግን ሳይነካ ቀጠለ። ክሊንተን በዚያው መግለጫው ፓዝፋይንደር የምትባል መንኮራኩር ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ እንደምታርፍ ተናግሮ ነበር፤ በቀኑ አረፈች። «ኮንታክት» ከሳምንት በኋላ ሲኒማ ቤት ገባ። ስለዚህ በዚያ ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ስለ ሌላ ዓለም የሚያወሩ ሁለት ክሊንተኖች ነበሩ ማለት ነው። ሴጋን ይህን አላየም፤ በዲሴምበር 1996 ሞቷል።

ሴጋንን ከጠራን ወደ ሸክላው እንመለስ፤ ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመራው እሱ ነው።

ቮዬጀር 2 ነሐሴ 14፣ ቮዬጀር 1 ደግሞ ነሐሴ 30 ቀን 1969 በኛ አቆጣጠር፣ ማለትም የጳጉሜ ዋዜማ ላይ ተወነጨፉ። (አዎ፣ ሁለተኛዋ ናት ቀድማ የሄደችው። አንደኛዋ የያዘችው መንገድ አጭር ስለነበር ቀድማ ትደርሳለች ተብሎ ነው ስሙ።) ያን ጊዜ እኛ አገር ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላይ ነበርን፤ ሰማይ የሚያይ ሰው ቢኖር አውሮፕላን ፈርቶ ነው። እያንዳንዳቸው በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ከነመርፌው ይዘዋል። ሙዚቃ፣ ሥዕሎች፣ በ55 ቋንቋ ሰላምታ። የፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መልእክትም አለበት፤ ድምፁ ሳይሆን ጽሑፉ ነው በምስል መልክ የገባው። ከሱ ጋር ደግሞ ምን ቢገባ ጥሩ ነው? የናሳን ጉዳይ የሚመለከቱ የምክር ቤት አባላት ስም ዝርዝር! የሌላ ዓለም ፍጡር ያንን ሲያነብ ምን እንደሚል እንጃ፤ እኛ ግን በጀት የሚያጸድቅ ሰው በየትም ፕላኔት መከበር እንዳለበት ገብቶናል።

ፊልም ላይ ስለ ምድር ሆኖ የሚናገረው ሁልጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ሸክላው ላይ ግን ምድርን ወክሎ በድምፁ ሰላምታ ያቀረበው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኩርት ቫልድሃይም ነው። ሴጋንና ጓደኞቹ ተገቢ ሰው አገኘን ብለው ነበር። በ1986 ቫልድሃይም ለኦስትሪያ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረበት ቦታ የደበቀው ነገር ወጣ፤ ቆስዬ ወደ ሕግ ትምህርቴ ተመለስኩ ባለበት ዘመን በባልካን የጀርመን ጦር መኮንን ነበር። የታሪክ ባለሙያዎች ኮሚሽን በኋላ ሲመረምር ራሱ ወንጀል መፈጸሙን የሚያሳይ አላገኘም፤ የሚሠራውን ግፍ ግን ያውቅ እንደነበር ጻፈ። ሰውየው ምርጫውን አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1987 አሜሪካ አገሯ እንዳይገባ ከልክላ ስሙን ጥቁር መዝገብ ላይ አሰፈረችው። ድምፁን ወደ ከዋክብት የላከችው አሜሪካ ናት፤ ኒው ዮርክ እንዳይገባ የከለከለችውም አሜሪካ ናት።

ዜሜኪስ ቢሆን ይቆርጠው ነበር። ከሸክላው ላይ ግን ማንም አይቆርጠውም። ቫልድሃይም በ2007 ሞተ፣ ካርተር በመቶ ዓመቱ በ2024 መጨረሻ አረፈ፤ ሸክላው ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እየሄደ ነው። ቮዬጀር 1 ከ2012 ጀምሮ በከዋክብት መካከል ናት፤ ምልክቷ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ እኛ ጋ ለመድረስ ወደ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

የማይታረመው ሌላው ነገር እኛን ይመለከታል። 55ቱን ቋንቋዎች አንድ በአንድ አየናቸው። ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ፣ ኒያንጃ አለ። ሱመርኛ አለ፣ አካድኛ አለ፣ ኬጢኛ አለ፤ ተናጋሪ ካጡ ሺህ ዓመታት ያለፋቸው ማለት ነው። አማርኛ የለም። ግዕዝም የለም። (ስዋሂሊም ስለሌለ ትንሽ ተጽናንተናል።)

«ቢኖርስ ምን እንል ነበር?» አለ ጨዋታውን የጀመረው ጓደኛችን። «ጤና ይስጥልን» አልነው ባንድ ድምፅ። ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ቃል ግን ተጣላን። «እንዴት ነህ» ቢባል ሴት ብትሆንስ? «እንዴት ነሽ» ቢባል ሴት ወንድ የሌለበት ዘር ቢሆንስ? አንዳችን «እንደምን ነዎት» ይበቃል፣ ያን ያህል መንገድ አቋርጦ ሸክላውን ያገኘ ሰው አንቱ ቢባል አያንሰውም አለ። ሌላው ደግሞ በሰው ግቢ የሚዞር እቃ አንስቶ ላዳመጠ አንቱታ ምን ሲደረግ ብሎ ተቆጣ።

አልተስማማንም። ሂሳቡን ሁላችንም ተካፍለን ከፈልን።