ዓይንና መስፈሪያ፤ ከባድ የደም መፍሰስን የመረዳት ታሪክ

ደም ሲፈስ ማየት ማንንም ሰው ያስደነግጣል። ሆኖም ማየትና መረዳት የተለያዩ መሆናቸውን የሕክምና ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። የሰው ልጅ የሚፈሰውን ደም ከጥንት ጀምሮ ሲያይ ኖሯል፤ ምን ያህል እንደፈሰሰና ስንቱ ሲፈስ ሕይወት አደጋ ላይ እንደሚወድቅ በሚገባ መጠየቅ የጀመረው ግን በቅርብ ዘመን ነው። በዚህ ረገድ ታላላቆቹ እርምጃዎች የተገኙት በመለካት ሲሆን፣ በወላድ እናት አልጋ አጠገብ ግን ልኬቱ ለዓይን ግምት ተትቶ ቆይቷል። የዚህም ዋጋ የብዙ እናቶች ሕይወት ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጋሌን ዘመን ጀምሮ ከ1,400 ዓመታት በላይ ሐኪሞች ደም ከምግብ እየተገኘ በጉበት ውስጥ ያለማቋረጥ ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ እምነት መሠረት ደም ማፍሰስ ራሱ እንደ ሕክምና ይቆጠር ነበር፤ በኢትዮጵያም በዋግምት ደም ማውጣት ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህን አስተሳሰብ የናደው በ1628 የእንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ስሌት ነው። ሃርቪ ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምትገፋው ደም በመላው ሰውነት ካለው ደም እንደሚበልጥ አስልቶ፣ ደሙ የሚዘዋወረው ያው አንዱ መሆኑን አሳየ። በአካለ መጠን የደረሰ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የፈሰሰው ደም ከተወሰነ ሀብት ላይ የጎደለ ነው ማለት ነው።

የደም ሥርን በክር ማሰር የጥንት ዘዴ ቢሆንም፣ ፈረንሳዊው የጦር ሜዳ ቀዶ ጠጋኝ አምብሯዝ ፓሬ በ1552 እጅና እግር ሲቆረጥ በጋለ ብረት መተኮስን ትቶ በዚህ ዘዴ ተጠቀመ። የጎደለውን ደም መተካት ግን ገና ሩቅ ነበር። የለንደኑ የማኅፀን ሐኪም ጄምስ ብላንዴል ወላዶች ደማቸው ፈስሶ ሲሞቱ በማየቱ፣ በ1818 የሰውን ደም ለሰው የመስጠት ሙከራ ጀመረ፤ በ1829ም ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት አንዲት ሴት በዚሁ ዘዴ መዳንዋን በጽሑፍ አስታወቀ። ያም ሆኖ የደም ዓይነቶች ልዩነት ስላልታወቀ ሙከራው ለብዙ ጊዜ አደገኛ ሆኖ ቆየ። ካርል ላንድሽታይነር በ1901 የደም ዓይነቶችን ከገለጸ፣ በ1914ም ሲትሬት ደምን ከመርጋት እንደሚጠብቅ ከታወቀ በኋላ ነው ደም መለገስና ማስቀመጥ የተቻለው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች ሾክ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ሐኪሞች ምክንያቱን ከተጎዳው ሥጋ የሚወጣ መርዝ ነው ብለው ነበር። አሜሪካዊው አልፍሬድ ብላሎክ ግን በ1930 ገደማ በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርመራ፣ በተጎዳው እግር ውስጥ የተጠራቀመውን ደምና ፈሳሽ ለክቶ፣ ሾኩን ለማስከተል ይኸው ጉድለት ብቻውን እንደሚበቃ አረጋገጠ። ይህም ደም ወደ ውጭ ሳይታይ በሆድ፣ በጭን ወይም በማኅፀን ውስጥ ተጠራቅሞ ሊገድል እንደሚችል አስተማረ።

ከዚህ ዕውቀት በመነሣት የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ በደረጃ ተለይተዋል። ከጠቅላላው ደም እስከ 15 በመቶ ሲጎድል በግልጽ የሚታይ ለውጥ ላይኖር ይችላል። ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ የልብ ትርታ በደቂቃ ከ100 በላይ ይሆናል፤ በሽተኛው ይጨነቃል፣ ይጠማዋል፣ ቆዳው ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል። ላይኛው የደም ግፊት በግልጽ የሚወርደው ከ30 በመቶ በኋላ ነው፤ የደም ግፊትን መውረድ ብቻ የሚጠብቅ ባለሙያ እንግዲህ እጅግ ዘግይቷል ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ደምዋ በእርግዝና ምክንያት ስለሚጨምር ምልክቱን ይበልጥ ትደብቃለች። በ1967 አልገቨርና ቡሪ የልብ ትርታን በላይኛው የደም ግፊት የማካፈልን ዘዴ አቀረቡ። ትርታዋ 110፣ ግፊትዋ 100 የሆነ ወላድ ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ ሲታዩ ላያስደነግጡ ይችላሉ፤ ውጤቱ ግን 1.1 ነው። ለወላድ 0.9ና ከዚያ በላይ የአደጋ ምልክት ነው።

ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም አራት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ። እነርሱም የማኅፀን አለመኮማተር፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ መቀደድ፣ የእንግዴ ልጅ ወይም ቅሪቱ ውስጥ መቅረትና የደም አለመርጋት ናቸው። ከሁሉም የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቶቹም ቢሆኑ አዲስ አይደሉም፤ ኤርጎሜትሪን በ1935 ተገኘ፣ ኦክሲቶሲን በ1953 በቤተ ሙከራ ተሠራ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድም ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ በተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በ1962 ለዓለም ቀረበ። በ20,060 ሴቶች ላይ የተካሄደው የ2017 ጥናት ይህ መድኃኒት በተለይ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚደርሰውን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ።

መድኃኒቱ እያለ እናቶች ለምን ይሞታሉ? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ባሉ 80 ሆስፒታሎች፣ ከ200,000 በሚበልጡ ወላዶች ላይ ተካሂዷል። በተለመደው አሠራር፣ በዓይን ግምት፣ ከመጠን በላይ ከደሙት እናቶች በጊዜው የታወቁት 51 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የፕላስቲክ ኪስ በወላዲቱ ሥር ተዘርግቶ ደሙ ሲለካ የታወቁት 93 በመቶ ደረሱ። ደሙ እንደታወቀም ማኅፀንን ማሸት፣ መድኃኒቶቹን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽንና ምርመራን ሳይከፋፍሉ ባንድነት በመስጠት፣ ከባድ የደም መፍሰስንና ተከታይ ጉዳቶቹን በ60 በመቶ መቀነስ ተቻለ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2025 ባወጣው መመሪያ፣ የትርታ ወይም የግፊት መዛባት ካለ 500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ሳይጠበቅ በ300 ሚሊ ሊትር ሕክምና እንዲጀመር አሳሰበ።

በኢትዮጵያ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደት 871 የነበረ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ2000 ከመቶ 5 ከነበሩበት በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ይህ ታላቅ ለውጥ ቢሆንም፣ ከእናቶች ሞት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ አሁንም የደም መፍሰስ ነው። እናቲቱ ወደ ተቋም መድረስዋ ብቻዋን አያድናትም፤ እዚያም ደርሳ በጨርቅና በወለል ላይ የፈሰሰው ደምዋ ሊዘነጋ ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው መጥፎ ደም ነውና ይውጣ የሚለው በብዙ ኅብረተሰብ ዘንድ የሚገኝ ልማድም መዘግየቱን ያባብሰዋል።

ስለሆነም የሙያው ባልደረቦች ኀላፊነት ግልጽ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ትርታን ደጋግሞ መቁጠር፣ ማኅፀኑ መጠንከሩን በእጅ መፈተሽ፣ ደሙን በሚለካ ዕቃ መቀበልና ውጤቱን ከነሰዓቱ መመዝገብ ከማንኛውም አዋላጅ የሚጠበቅ ተግባር ነው። ሃርቪ በ1628 ያነሣው የመጠን ጥያቄ ዛሬም በየማዋለጃ ክፍሉ፣ በየወላዲቱ አልጋ አጠገብ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል።