ጓዳና ሰሌዳ፦ ነጭ ሴቶች በዘር መለያየትና በመማሪያ መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ

(በጂንካ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ከኮንሶ ወደ ጂንካ ስመጣ ወይጦ ላይ ለሻይ ወረድን። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት መምህርት የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ይዛ ነበር። ሙያዬን ስትሰማ፣ «ለመሆኑ እዚህ ውስጥ የሚገባውንና የሚቀረውን የሚወስነው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «መንግሥት ነዋ» ብዬ መለስኩላት። መልሴ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነበር። ዛሬ ያንን ጉድለት ለመሙላት እሞክራለሁ። ምሳሌዬን ከሩቅ፣ ከአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የምወስደው፣ በዚያ የመምረጥ መብት እንኳ ያልነበራቸው ሰዎች የትውልድን መጽሐፍ መቅረጽ ስለቻሉ ነው።

የአሜሪካ የዘር መለያየት ሲነሣ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጡት ወንዶች ናቸው፦ ሕግ አውጪው፣ ፖሊሱ፣ ፊቱን የሸፈነው የኩ ክሉክስ ክላን አባል። የታሪክ ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ጊሌስፒ ማክሬ በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ትኩረታቸውን በነጭ ሴቶች ላይ አድርገዋል። በ1924 የወጣውን የቨርጂኒያ ሕግ እንውሰድ። ሕጉ ነጮች ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋቡ ከለከለ። ይሁን እንጂ የሕፃኑን ዘር በመዝገብ የሚያሰፍር፣ ተማሪውን «ይህ ነጭ አይደለም» ብሎ ከክፍል የሚመልስ፣ የጎረቤቱን የዘር ሐረግ የሚጠቁም ሰው ከሌለ ሕግ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን የዕለት ተዕለት ሥራ ከሠሩት መካከል ሴት መዝጋቢዎች፣ አዋላጆችና መምህራን ብዙ ነበሩ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ባርነትን ለማቆየት የተዋጋው የደቡብ ኮንፌደሬሽን በ1865 ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1894 የኮንፌደሬሽኑ ሴት ልጆች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ሐውልት በማቆም ብቻ አልተወሰነም፤ ለተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር አዘጋጀ፣ ለሕፃናት የጥያቄና መልስ ትምህርት አሰናዳ፣ የመጽሐፍ መራጭ ኮሚቴዎችን ደጅ ጠና። ከ1911 እስከ 1916 የማኅበሩ ታሪክ ጸሐፊ የነበረችው ሚልድሬድ ራዘርፎርድ በ1920 የመማሪያ መጻሕፍት መመዘኛ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። በዚህ መመዘኛ መሠረት ደቡብ የተዋጋው ባሪያዎቹን ላለማጣት ነው የሚል መጽሐፍ ውድቅ ነው፤ የባሪያ አሳዳሪውን ጨካኝ የሚልም እንዲሁ። የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የጸናው በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ በሉ።

ዘሩ ፍሬ ሳያፈራ አልቀረም። ቨርጂኒያ በ1957 ለ7ኛ ክፍል ያሳተመችው የታሪክ መጽሐፍ ባሪያዎችን በኑሯቸው የረኩ አስመስሎ ያቀርብ ነበር። ከሦስቱ አዘጋጆች አንዷ ሴት ነበረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 የዘር መለያየት በትምህርት ቤቶች ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን ያንን ውሳኔ በቁጣ የተቀበሉ እናቶች ከዚህ ዓይነት ትምህርት ወጥተው ነበር። በኅዳር 1960 የስድስት ዓመቷ ሩቢ ብሪጅስ በኒው ኦርሊንስ ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በየማለዳው በር ላይ ተሰብስበው የሚሰድቧት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። «እኛ እናቶች ነን» ማለት ለእነርሱ ከማንኛውም የፖለቲካ ሥልጣን የበለጠ ጋሻ ሆነላቸው።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ ይሁን። የሕጉና የጠመንጃው ባለቤቶች ወንዶች ነበሩ፤ ለሴቶቹ የተተወላቸው ልጅን ማሳደግና ሙታንን ማስታወስ ነበር፤ እነርሱም በዚያች ጠባብ በር ገብተው ብዙ ሠሩ። ሁሉም አንድ እንዳልነበሩም ሩቢን በዚያው ትምህርት ቤት ለብቻዋ ያስተማረቻት ነጭ መምህርት ባርባራ ሄንሪ ምስክር ናት።

ይህ ታሪክ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባን እንደያዘ የጣሊያናውያንንና የ«ተገዢዎችን» ትምህርት ቤቶች በሕግ ለየ፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለጣሊያናውያን ልጆች ሆነ። በሚያዝያ 1937 ደግሞ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። የፋሺስት ሴቶች ድርጅትም ጣሊያናውያት ለቅኝ ግዛት ኑሮ የሚዘጋጁበትን ሥልጠና ከፈተ። ነጭ ሚስት የዘር ድንበር ጠባቂ እንድትሆን ታስቦ ነበር፤ ዘመኑ አጭር ስለነበር ግን ውጥኑ ሥር ሳይሰድ ቀረ።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። እዚሁ በአሪ ማኅበረሰብ አራሾቹ ካንጻ፣ ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ ማና እየተባሉ በማዕድና በጋብቻ ተለያይተው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት አራሾቹና ቀጥቃጮቹ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውንና ልዩነታቸውም በኋላ ከተፈጠረ መገለል የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው አልልም፤ እዚያ መለያየቱ በመንግሥት ሕግ የጸና ነበር፣ እዚህ ግን አይደለም። የሚያመሳስላቸው መተላለፊያው ነው። ማን ከማን ጋር እንደማይበላ ሕፃኑ የሚማረው አዋጅ አንብቦ ሳይሆን የእናቱንና የአባቱን እጅ አይቶ ነው። ከዚያ ወደ ክፍል ይመጣል፤ መምህሩ ዝም ካለ ዝምታው ሁለተኛ ትምህርት ይሆንለታል።

ያችን መምህርት ወይጦ ላይ ዳግም ባገኛት፣ «መጽሐፉን መንግሥት ያሳትመዋል፤ የትኛው ገጽ ላይ ቆመሽ እንደምታስተምሪና የትኛውን ልጅ ከየትኛው ጋር እንደምታስቀምጪ የምትወስኚው ግን አንቺ ነሽ» እላት ነበር። የራዘርፎርድ ማኅበር ይህን ኃይል ከእኛ ቀድሞ ተረድቶት ለክፉ አዋለው። ነገ በየወረዳው የምትሰማሩ ተማሪዎቼ፣ ይኸው ኃይል በእናንተም እጅ እንዳለ አትርሱ።