ጡረታና መጦር

ወጣቶች ሆይ፤ ጡረታ የሚለው ቃል መጦር ከሚለው የወጣ ነው። ጥንት ያረጀ መምህር የሚጦረው በልጆቹና በደቀ መዛሙርቱ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ፤ ዛሬም ሕጉ በ60 ዓመት ያሰናብተናል። ይሁን እንጂ ሕጉ የወር ቀለብ እንጂ የቀን ሥራ አይሰጥም።

እኔ በአዋሽና በሠመራ አስተምሬ ጡረታ በወጣሁ ጊዜ፣ የማለዳው ደወል ቀርቶብኝ ቀኑ ረዘመብኝ። ከአበሉ ማነስ ይልቅ የጎዳኝ የሚጠይቀኝ ተማሪ ማጣቴ ነበር።

ያጽናናኝ የእነዚሁ ከተሞች ታሪክ ነው። አዋሽን ከተማ ያደረጋት በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ነው። አሮጌው ባቡር ሥራውን ቢያቆምም ከተማዋ አልፈረሰችም፤ በጅቡቲ የመኪና መንገድ ላይ መንገደኛ ማሳረፏን ቀጠለች። አሳይታም የአፋርን ክልል መዲናነት ለሠመራ ብትለቅ፣ ከተማነቷ አብሮ አልሄደም።

እኔም ወንበሬን ለተተኪዬ ለቅቄ ዕውቀቴን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። እናንተም መምህራችሁ ጡረታ ሲወጣ ስጦታ ሰጥታችሁ አትርሱት፤ ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። መጦር ማለት ይህም ነውና።