ታጅ ማሃል በንጋት፤ የአንድ መሠረት ታሪክ

በሰሜን ሕንድ፣ በአግራ ከተማ የሚገኘው የታጅ ማሃል በር የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ በቀሩት ስድስት ቀናት ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቁ በር የሚሰለፈው ሕዝብ ጥቂት አይደለም። ነዳጅ የሚያቃጥል ተሽከርካሪ ወደ ቅጥሩ እንዲጠጋ ስለማይፈቀድ፣ ጎብኚው የመጨረሻውን መንገድ የሚጨርሰው በእግሩ ወይም በባትሪ በሚነዳ መኪና ነው። አስጎብኚው በዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ ትረካውን ይጀምራል፤ ትረካውም ዘወትር የሚጀምረው በፍቅር ነው።

ስለ ፍቅሩ የሚነገረው በአብዛኛው እውነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምስተኛው የሞጎል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በ1612 ያገባት አርጁማንድ ባኑ፣ በማዕረግ ስሟ ሙምታዝ ማሃል፣ በሰኔ 1631 ዐሥራ አራተኛ ልጇን በወለደች ጊዜ በቡርሃንፑር ከተማ ሞተች። ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያ የወረደው ለደከን ዘመቻ ነበር፤ እርሷም በዘመቻ ከአጠገቡ አትለይም ነበር። አስከሬኗ በታፕቲ ወንዝ ዳር ለጊዜው ካረፈ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አግራ ተጓዘ።

ደከን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ ስም ሊሆን አይገባም። በልጅነቱ ተሸጦ ከኢትዮጵያ የወጣው ማሊክ አምባር በደከን ከባርነት ተነሥቶ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን ደርሷል፤ የሞጎልንም ጦር ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀ እርሱ ነው። ሻህ ጃሃን ገና ኩራም የሚባል ልዑል ሳለ የተላከው በእርሱ ላይ ነበር። በ1617 ስምምነት አድርጎ ሲመለስ አባቱ ጃሃንጊር «የዓለም ንጉሥ» የሚለውን የሻህ ጃሃን ማዕረግ ሰጠው። እንግዲህ ታጅ ማሃልን ያሠራው ሰው ዓለም የሚያውቅበትን ስም ያገኘው ከአንድ ሐበሻ ጋር ተዋግቶ ነው ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአባቱ ላይ በሸፈተ ጊዜ ደግሞ ዞሮ አጋር ያደረገው ያንኑ ማሊክ አምባርን ነበር። የአግራ አስጎብኚዎች ይህን ክፍል ብዙውን ጊዜ ያልፉታል።

ከበሩ ፍተሻ በኋላ ጎብኚው ወደ ሰፊው የፊት ግቢ ይገባል። እስከዚህ ድረስ መቃብሩ አይታይም፤ ያሠሩት ሰዎች እንዳይታይ አድርገው ነው ያቀዱት። በቀይ አሸዋማ ድንጋይ የተሠራው ታላቁ በር ጨለማ ነው፤ በጨለማው ቅስት ውስጥ ግን ነጩ ሕንጻ በድንገት ይቆማል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመዱ የሚያንስ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ የሚተልቅ ይመስላል። አስጎብኚው ሰዉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያስኬደ ይህን ያሳያል፤ ሰዉም እንደ ልጅ ይደሰታል። በታኅሣሥና በጥር የማለዳ ጉም ሲወርድ ከበሩ ቆሞ ምንም የማያይ ጎብኚም አለ። ጉም በሌለበት ጠዋት ግን እብነ በረዱ አስቀድሞ እንደ አመድ ግራጫ፣ ቀጥሎ እንደ ጽጌረዳ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ በመጨረሻም ነጭ ይሆናል። የማክራና እብነ በረድ ብርሃንን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ስለሚያሳልፍ የሰማዩን ቀለም ከላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጡም መልሶ ያበራል።

በአትክልቱ መካከል ሲደረስ ተረቶቹ ይመጣሉ። ንጉሡ ሌላ እንዲህ ያለ ሕንጻ እንዳይሠሩ የግንበኞቹን እጅ አስቆረጠ የሚለው አንዱ ነው። ለዚህ ወሬ የዘመኑ ማስረጃ የለውም፤ ይልቁንም የሚያፈርሰው ነገር አለ። መቃብሩ ገና ሳያልቅ በ1639 ንጉሡ በዴልሂ አዲስ ከተማና ምሽግ ማሠራት ጀመረ፤ ለዚያም ሥራ ከአግራ ዋናው ሙያተኛ ተጠርቶ ሄዷል። እጁ የተቆረጠ ግንበኛ ቀዩን ምሽግ አይሠራም።

የዚህ ሙያተኛ ስም ኡስታድ አሕመድ ላሆሪ ነው። በሕንጻው ላይ ስሙን እንዲጽፍ የተፈቀደለት የቁርኣን ጥቅሶቹን የጻፈው አማናት ካን ብቻ ስለሆነ፣ ላሆሪ የሚታወቀው በሌላ መንገድ ነው። ልጁ ሉጥፉላህ በጻፈው ግጥም አባቱ ታጅ ማሃልንና የዴልሂን ምሽግ በንጉሡ ትእዛዝ እንደ ሠራ ይናገራል። የሉጥፉላህ የብዕር ስም «ሙሃንዲስ» ነበር። ይህ ቃል በፋርስኛ «ልክ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል ያለፈና እኛም «መሐንዲስ» ብለን የምንጠራበት ነው። የዛሬ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በዴልሂ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን ሙያ እንደ ክብር ስም ይዞት ነበር።

ይህ መሐንዲስ የተሰጠው ቦታ ግን ለከባድ ሕንጻ የሚመረጥ አልነበረም። ቦታው የያሙና ወንዝ ዳርቻ ነው። መሬቱ የአምበሩ ባላባት የራጃ ጃይ ሲንግ ይዞታ ስለነበረ ንጉሡ በምትኩ አራት ታላላቅ ቤቶች ሰጠው። ዳርቻው ደለልና አሸዋ ነው፤ ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 95 ሜትር የሚሆን መድረክ፣ ከዚያም በላይ ከነጫፉ ወደ 73 ሜትር የሚደርስ ሕንጻ ሊቆም ነበር። የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ አብዱል ሐሚድ ላሆሪ በ1632 የተጀመረው ቁፋሮ ውኃ እስኪገኝ ድረስ እንደ ወረደ ይተርካል።

ከውኃው በታች የተሠራው ሥራ አስጎብኚው ጣቱን ወደ መሬት ጠቁሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈው ነው፤ ለሙያው ሰው ግን የጉብኝቱ ዋና ነገር እርሱ ነው። በወንዙ በኩል የሕንጻው መሠረት የተጣለው ጉድጓዶች በማውረድ ነው። በሕንድ ግንበኞች ዘንድ የቆየው ዘዴ እንዲህ ነው፤ በመሬት ላይ የእንጨት ቀለበት ይዘረጋል፤ በቀለበቱ ላይ ክብ የጡብ ግንብ ይሠራል፤ ቀጥሎም ሠራተኞች ከውስጥ አሸዋውን እየዛቁ ሲያወጡ ግንቡ በራሱ ክብደት እየሰመጠ ይወርዳል። ሲወርድ ከላይ ይጨመርበታል። ጠንካራ አፈር ላይ ሲደርስ ውስጡ በድንጋይና በኖራ ማልታ ይሞላል። ጉድጓዶቹም ከላይ ተያይዘው እንደ አንድ ወለል ይሸከማሉ። ማሽን የለም፤ የውኃ መሳቢያው በበሬ የሚጎተት አቁማዳ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት በሕንድ ታላላቅ ወንዞች ላይ የባቡር ሐዲድ ድልድይ የሠሩት የእንግሊዝ መሐንዲሶች በአሸዋ ላይ ምሰሶ ማቆም በቸገራቸው ጊዜ ወደዚሁ አገሬው ወደሚያውቀው ዘዴ ተመልሰዋል።

ስለ ግንባታው ቁሳቁስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከእብነ በረዱ በስተኋላ ያለው አካል ጡብና ኖራ ነው፤ እብነ በረዱ ልባስ ነው። ማክራና ከአግራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ድንጋዩም የመጣው በበሬ በሚጎተቱ ጋሪዎች ነው። ንጉሡ ለጃይ ሲንግ ከጻፋቸው ትእዛዞች መካከል የተረፉ አሉ። በ1637 የተጻፈው ባላባቱ ድንጋይ ጠራቢዎችን በራሱ አገር እንዳያስቀርና ወደ ማክራና እንዲልክ ያዛል። የሠራተኛ ሽሚያ በየዘመኑ ያለ ነገር መሆኑ ከዚህ ደብዳቤ ይታያል።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጎብኚው በጫማው ላይ የጨርቅ ሽፋን አጥልቆ ወደ መድረኩ ይወጣል። ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝሙት አራቱ ሚናሬቶች በጥቂቱ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው። አስጎብኚዎች ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ከመቃብሩ ርቀው እንዲወድቁ ነው ይላሉ። ማብራሪያው ያምራል፤ ነገር ግን በወንዝ ዳር ደለል ላይ፣ በአንድ ከባድ መድረክ ማዕዘናት ላይ የቆመ ማማ ማንም ሳያዝበት ሊያዘነብል ይችላል። በጣም የሚያምር ምክንያት ሲሰጠው መሐንዲስ መጠርጠር ይገባዋል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ከራስ በላይ የሚታየው ጉልላት ከውጭ የሚታየው አይደለም። ጉልላቱ ሁለት ነው። የውስጠኛው ለክፍሉ ልክ ሆኖ ወደ 24 ሜትር ከፍታ ላይ ሲዘጋ፣ የውጭው ከወንዝ ማዶ እንዲታይ እጅግ ከፍ ብሏል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ነው። በማእከሉ የሙምታዝ የመታሰቢያ ሣጥን አለ፤ ከጎኑ፣ ከመሥመር ወጥቶ፣ የሻህ ጃሃን። በ1658 ልጁ አውራንግዜብ ዙፋኑን ቀምቶ በአግራ ምሽግ አስሮት፣ በ1666 እዚያው ሲሞት ወደዚህ አመጡት። በሕንጻው ሁሉ ያልተመጣጠነ ነገር ቢኖር የባለቤቱ መቃብር ነው።

ይህ ልጅ ግን ዙፋን ከመቀማቱ በፊት ለአባቱ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው ምናልባት ስለ ታጅ ማሃል ከተጻፉት ሁሉ ለሙያችን የሚቀርበው ነው። አውራንግዜብ በታኅሣሥ 1652 ወደ ደከን ሲያልፍ አግራ ላይ ቆሞ የእናቱን መቃብር ጎበኘ። ሕንጻው ተመረቀ ከተባለበት ከ1643 ዐሥር ዓመት አልሞላም። ለአባቱ የጻፈው ግን ጣራው እንደሚያፈስ ነው። ታላቁ ጉልላት በክረምት በሰሜን በኩል በሁለት ቦታ ውኃ ያስገባል፤ አራቱ ታላላቅ ቅስቶች፣ የላይኛው ፎቅ ክፍሎችና ትንንሾቹ ጉልላቶች ረጥበዋል። ባለፈው ዓመት ተጠግኖ እንደ ነበረ፣ ጥገናው መያዝ አለመያዙ በሚቀጥለው ክረምት እንደሚታይ ያስረዳል። የግንባታው ሊቃውንትም የላይኛው ፎቅ ጣራ ተነሥቶ እንደ አዲስ በማልታ ቢሸፈን ቅስቶቹና ክፍሎቹ ይድናሉ ብለዋል፤ ስለ ታላቁ ጉልላት ግን መፍትሔ እንደሌላቸው አምነዋል።

በዓለም ፊት ፍጹም የሚባለውን ሕንጻ በሠሩ ባለሙያዎች አፍ ይህ ቃል መውጣቱ አያሳፍራቸውም። ለንጉሥ «አናውቅም» ብሎ መናገር ቀላል አልነበረም። ደብዳቤው ስለ ወንዝ ማዶው ማህታብ ባግ የተባለ አትክልትም ይናገራል፤ አትክልቱ በውኃ ተጥለቅልቆ ውበቱ ጠፍቷል። ሻህ ጃሃን ከወንዙ ማዶ ለራሱ ጥቁር ታጅ ማሃል ሊያሠራ ነበር የሚለውን ወሬ የፈረንሳዩ ነጋዴ ታቬርኒዬ ከጻፈው ወዲህ አስጎብኚዎች አልተዉትም። በ1990ዎቹ ዓመታት በዚያ ቦታ ሲቆፈር የተገኘው ግን ስምንት ማዕዘን ያለው ትልቅ የውኃ ገንዳ ነው፤ መቃብሩ ከወንዙ ማዶ ሆኖ መልኩን የሚያይበት መስተዋት ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የጥገና ታሪክ ነው። የእንግሊዝ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን ታላቅ እድሳት አሠርቶ በ1908 አስፈጸመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጉልላቱ ከአየር ጥቃት እንዲሰወር በመወጣጫ እንጨት ተሸፈነ። ዩኔስኮ በ1983 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በታኅሣሥ 1996 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአካባቢው ያሉ 292 ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰል ማቃጠል ትተው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ፣ ይህን የማይችሉት ቦታ እንዲለቁ ፈረደ። ቢጫ የሆነውን እብነ በረድ ለማንጻት ሸክላ አፈር በውኃ ለውሶ እንደ ልስን መቀባትና ደርቆ ሲያበቃ ማጠብ ከ1994 ጀምሮ በየጊዜው ተደርጓል፤ ይህ የሕንድ ሴቶች ለፊታቸው የሚጠቀሙበት አፈር ነው።

ጉብኝቱ የሚያበቃው በሰሜኑ በኩል፣ ወንዙን ቁልቁል በሚያሳየው ወለል ላይ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ብዙው ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ ወደ ታች የሚመለከተው ጥቂት ነው። ያሙና ከአግራ በላይ በዴልሂና በማቱራ በኩል በግድቦች ተይዞ ለከተማና ለመስኖ ስለሚቀዳ፣ በበጋ የሚደርሰው ውኃ ጥቂትና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ነው። በ2015 እና በ2016 ከዚህ የረጋ ውኃ የሚፈለፈሉ ጥቃቅን ነፍሳት በሰሜኑ ግድግዳ ላይ አርፈው አረንጓዴ እድፍ ጥለዋል። ከዚህ የበለጠ ክርክር ያስነሣው ግን የመሠረቱ ነገር ነው። በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው እንጨት ሁልጊዜ በርጥበት ከቆየ ዘመናትን ይሻገራል፤ ውኃው ርቆት ሲደርቅና ሲረጥብ ከሰነበተ ይበሰብሳል። አንዳንድ የታሪክ ሰዎችና የምክር ቤት አባላት ሕንጻው አደጋ ላይ ነው ሲሉ፣ የሕንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት መሠረቱ ደኅና ነው ይላል። መሠረቱ የታቀደው ከእግሩ ሥር ወንዝ እንዳለ ተቆጥሮ መሆኑን ግን ሁለቱም ወገን አይክድም።

በሐምሌ 2023 ያሙና ሞልቶ ከ45 ዓመት በኋላ፣ ማለትም ከ1978 ጎርፍ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የታጅ ማሃልን የውጭ ግንብ ነካ። ጋዜጦቹ እንደ አደጋ ጻፉት። ውኃው ወደ መቃብሩ አልገባም፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ በግንቡ ላይ የጭቃ መሥመር ትቶ ወረደ።