ለጌም የሚሆን ስክሪን፦ ከኦሲሎስኮፕ እስከ ኦሌድ

የኮምፒውተር ጌም የራሱ ስክሪን ሳይኖረው ነው የተወለደው። በጥቅምት 1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ፣ የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ሂጊንቦተም ለጎብኚዎች የቴኒስ ጨዋታ አዘጋጀ። ኳሷ የምትታየው የኤሌክትሪክ ሞገድ ለማየት በተሠራ ባለ 5 ኢንች ኦሲሎስኮፕ ላይ ነበር። ሰዉ ግን ለመጫወት ተሰለፈ። በ1962 እነ ስቲቭ ራስል በኤምአይቲ የጠፈር ውጊያ ጌሙን «ስፔስዋር»ን የሠሩበት ፒዲፒ-1 ኮምፒውተርም ስክሪኑን የወሰደው ከራዳር ነው። የራዳር መስተዋት የተቀባበት ፎስፈር ብርሃኑን ቶሎ ስለማይለቅ የጠፈር መንኮራኩሮቹ በሄዱበት ሁሉ ደብዛዛ ጭራ ይጎትቱ ነበር። ያኔ ጭራው ለጨዋታው ውበት ሆነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ይኸው ጭራ ተጫዋቾችን ያስመርራል።

በ1972 ጌም ሳሎን ገባ። የመጀመሪያው የቤት ውስጥ መጫወቻ «ማግናቮክስ ኦዲሲ» ነጭ ነጥቦችንና መስመር ከማሳየት በቀር ቀለም ስለማያውቅ፣ ገዢው ሜዳው የተሳለበት ባለ ቀለም ገላጭ ፕላስቲክ በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ይለጥፍ ነበር። በዚያው ዓመት የአታሪ ኩባንያው አላን አልኮርን የመጀመሪያውን «ፖንግ» ሲገጣጥም የተጠቀመው ከሱቅ የተገዛ ጥቁርና ነጭ የሂታቺ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን ግን ፍጥነቱን ይዞ መጣ፦ በአሜሪካና በጃፓን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ በአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ 50 ጊዜ ይሥላል። በዚህ የተነሳ ለ60 የተሰሉ ብዙ የጃፓን ጌሞች 50 ባለባቸው አገሮች አንድ ስድስተኛ ያህል ቀርፈፍ ብለው ይሄዱ ነበር።

ሲአርቲ የሚባለው ያ ከኋላው የሚያብጥ ስክሪን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ አያሳይም። የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየጠረገ ይወርዳል፤ ጨረሩ የነካው ነጥብ ለቅጽበት በርቶ ወዲያው ይደበዝዛል። የኒንቴንዶ «ዳክ ሀንት» ሽጉጥ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ ምላጩን ሲስብ ስክሪኑ ባንድ አፍታ ይጠቁርና ዳክዬዋ በነበረችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል። ሽጉጡ ጥይት አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው የብርሃን ዳሳሽ ነጩን ካየ ዳክዬዋ ተመታች ማለት ነው። ሥዕሉን ዘግይቶ በሚያወጣ ዘመናዊ ስክሪን ላይ ያ ሽጉጥ አይሠራም።

በኮምፒውተር በኩል ወሳኙ ዓመት 1987 ሆነ፤ አይቢኤም ቪጂኤ የተባለውን የግራፊክስ ደረጃ አወጣ። ቪጂኤ በ320 በ200 ፒክስል 256 ቀለም ያሳይ ነበር፤ በዚህ ሁኔታው ስክሪኑ በሰከንድ 70 ጊዜ (70 ኸርዝ) ይታደሳል። በ1993 የወጣው «ዱም» በሰከንድ 35 ሥዕል ላይ የተገደበውም የዚህን ግማሽ ይዞ ነው። «ኩዌክ»ን የመሰሉ ፈጣን የተኩስ ጌሞች ሲስፋፉ ተፎካካሪዎች አንድ ብልሃት ለመዱ። ሲአርቲ በሰከንድ የሚሥለው የመስመር ብዛት ጣሪያ ስላለው፣ የፒክስሉን ቁጥር የቀነሰ ሰው በምትኩ ፍጥነት ያገኛል። ስለዚህ ሥዕሉ ቢሻክርም ወደ 800 በ600 ወርደው ከ100 ኸርዝ በላይ ይጫወቱ ነበር። ለተጫዋች ከጥራት ይልቅ ጊዜ እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ከ20 ኪሎ የሚበልጥ ሞኒተር ተሸክመው ወደ ውድድር መሄዳቸውም ለዚሁ ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራው ፍላት ስክሪን፣ ኤልሲዲ፣ ገበያውን ወረሰ። ለቢሮ ሠራተኛ በረከት ነበር፤ ለተጫዋች ግን ወደ ኋላ መመለስ ሆነ። ፈሳሽ ክሪስታሉ ዞሮ እስኪጨርስ በቀደሙት ሞዴሎች ላይ 25 ሚሊ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈጅ ስለነበር፣ ሥዕሉ ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል። ችግሩ በክሪስታሉ ፍጥነት ብቻ አያልቅም፤ ኤልሲዲ እያንዳንዱን ሥዕል ቀጣዩ እስኪመጣ ሳያጠፋ ስለሚይዝ የሚንቀሳቀሰውን ነገር የሚከተል ዓይን ብዥታ ያያል። ፍጥነቱም በ60 ኸርዝ ቆመ።

መውጫው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ2009 ሳምሰንግና ቪውሶኒክ 120 ኸርዝ ሞኒተር ለገበያ ያቀረቡት ለኤንቪዲያ የ3ዲ መነጽር ብለው ነበር፤ ለያንዳንዱ ዓይን 60 እንዲደርሰው። መነጽሩ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ፤ 120ው ግን በተጫዋቾች እጅ ቀረ። ቀጥሎ 144 ኸርዝ ተለመደ፣ በ2020 ደግሞ 360 ኸርዝ ታወጀ። ከ60 ወደ 144 የወጣ ተጫዋች አዲስ ሥዕል የሚጠብቅበት ጊዜ ከ16.7 ወደ 6.9 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፤ ከ240 ወደ 360 የወጣው የሚያተርፈው ግን 1.4 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ሻጮች ይህንን የመጨረሻ ስሌት እምብዛም አያነሱትም።

እስከ 2013 ድረስ ስክሪኑ በራሱ ምት፣ ግራፊክስ ካርዱም በራሱ ምት ይሄዱ ስለነበር ሁለቱ ሲዛነፉ ሥዕሉ ወገቡ ላይ የተቀደደ ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት ኤንቪዲያ ይፋ ያደረገው ጂ-ሲንክ ስክሪኑ ካርዱን እንዲጠብቅ አደረገ፤ ነገር ግን ሞኒተሩ ውስጥ የሚገጠም ውድ ሰሌዳ ይጠይቅ ነበር። ኤኤምዲ በፍሪሲንክ ያለዚያ ሰሌዳ ያንኑ ሠራ፤ በ2019 ኤንቪዲያ ራሱ ካርዶቹን ለእነዚህ ርካሽ ሞኒተሮች ከፈተ። ለብዙኃኑ ገዢ የጠቀመው ይህ እርምጃ ነው።

ቲኤን፣ ቪኤና አይፒኤስ ከሚባሉት የኤልሲዲ ፓነል ዓይነቶች ፈጣኑ ቲኤን ቢሆንም ቀለሙ የገረጣ፣ ከጎን ሲታይም የሚለወጥ ነው። ፍጥነትና ቀለም ፈላጊዎች ለዓመታት ተለያይተው የኖሩት ስለዚህ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ የመጡት ፈጣን አይፒኤሶች አስታረቋቸው። በ2022 የዴል ኤሊየንዌር ባለ 34 ኢንች ኦሌድ ሲወጣ ፒክስሉ ራሱ ስለሚበራና ስለሚጠፋ የክሪስታል መጠበቂያ ጊዜ ቀረ። በምትኩ የድሮ መጫወቻ ቤቶች ስክሪኖች የሚያውቁት ችግር ተመለሰ፦ እንደ ነጥብ መቁጠሪያና ካርታ ያለ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ምስል በጊዜ ብዛት ፓነሉ ላይ አሻራው ሊቀር ይችላል። ዴል በዚያ ሞኒተር ላይ ለዚሁ ጉዳት ጭምር የ3 ዓመት ዋስትና ሰጠ።