መላእክቱ ላይ የተኮሰው ማን ነው?

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ፣ ብላይዝ የተባለው ወንዝ ሰሜን ባሕር ሊገባ ሲቃረብ ሜዳው ላይ ተንጣልሎ ሰፊ ረግረግ ይሠራል። ከረግረጉ በላይ ባለው ከፍታ የብላይዝበርግ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። መንደሯ ትንሽ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ወደ 39 ሜትር የምትረዝም በመሆኗ የአገሬው ሰው «የረግረጉ ካቴድራል» ይላታል።

ብላይዝበርግ በመካከለኛው ዘመን መርከብ የሚገባባት፣ ገበያ የደራባት ከተማ ነበረች፤ የአውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናት ገዳምም ነበራት። በ1412 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ቤተ ክርስቲያኗን እንደ አዲስ እንዲሠራ ለገዳሙ ፈቀደ። ከቀድሞው ሕንፃ የደወሉ ግንብ ብቻ ቀርቶ ሌላው በአዲስ ተተካ።

ገብቶ ቀና ያለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። በመካከለኛው ወራጅ ላይ ከእንጨት የተቀረጹ መላእክት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ተደርድረዋል። በዙሪያቸው በአበባና በኢየሱስ ስም ምልክት የተጌጠው እንጨት የጥንት ቀለሙን እስካሁን አለቀቀም። በሁለቱም ወገን ከላይ የተደረደሩት መስኮቶች ብርሃኑን ስለሚያወርዱት ጣሪያው ከፍ ብሎም ጨለማ አይውጠውም።

በመላእክቱ አካል ላይ የእርሳስ አረር ተሰክቶ ተገኝቷል። ሰዉ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን የጣለው በዊልያም ዳውሲንግ ላይ ነው። ዳውሲንግ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከፓርላማው ወገን ተሹሞ በካምብሪጅና በሰፎክ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ሥዕልና ሐውልት ያስፈረሰ ሰው ነው፤ የሠራውንም በማስታወሻ ይይዝ ነበር። ብላይዝበርግ የደረሰው ሚያዝያ 9 ቀን 1644 ሲሆን፣ 20 ኪሩቤል እንዲወርዱ ማዘዙን ራሱ ጽፏል። ትእዛዙ ጣሪያው ድረስ አልደረሰም። በዚያ ከፍታ መሰላል አቁሞ፣ ጣሪያውን ተሸክሞ የቆመውን እንጨት መነካካት ቀላል ሥራ አይደለም።

ታዲያ አረሩ ከየት መጣ? መልሱ ያለው በደብሩ የሒሳብ መዝገብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃው ውስጥ ገብተው የሚያስቸግሩ የቁራ ዘሮችን ለሚተኩሱ ሰዎች የባሩድና የአረር ዋጋ ተከፍሏል። መላእክቱን ያቆሰለው ወፍ ለማባረር የተተኮሰ አረር ነው። ይህን ማወቅ ዳውሲንግን ከሌላው ጥፋቱ ነጻ አያወጣውም፤ ሆኖም ለአንድ ሰው በሠራው ላይ ያልሠራውን መጨመር ታሪክ አይባልም።

ወደ መቀመጫዎቹ እንውረድ። በአግዳሚዎቹ ጫፍ የኃጢአት ዓይነቶች በሰው ምስል ተቀርጸዋል። ስንፍና አልጋው ላይ ነው፤ ሰካራሙ እግሩ በግንድ ተጠርቋል፤ ግብዙ እጁን ለጸሎት አጋጥሞ ዓይኑን ግን አልጨፈነም። ጠራቢው ጎረቤቱን አሳምሮ ያየ ሰው ነው፤ በዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የለም። ፊደል የማያውቅ ገበሬ ስብከቱን በመቀመጫው ጫፍ በእጁ ይዳስሰው ነበር። ከመዘምራኑ መቀመጫ በአንዱ ደግሞ፣ በ1665 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ስሙንና ዕድሜውን ቀርጾበታል። ሰዓት ሲደርስ ደወል የሚመታው የእንጨት ሰውም የዚያው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ 1682 ይላል።

ከባዱ አደጋ የደረሰው ነሐሴ 4 ቀን 1577 ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሕዝቡ ለጸሎት እንደተሰበሰበ መብረቅ ወደቀ፤ አንድ ሰውና አንድ ልጅ ሞቱ። የግንቡም ጫፍ ጣሪያውን በስቶ ወረደ። አፈ ታሪክ ግን መብረቁን ትቶ ስለ ጥቁር ውሻ ያወራል፤ በሰሜኑ በር ላይ ያለውን የቃጠሎ ምልክትም የሰይጣኑ ውሻ ጥፍር ነው ይላል። እንዲህ ያለ ምልክት በእንግሊዝ አሮጌ ሕንፃዎች ብዙ ነው፤ አጥኚዎች አብዛኛውን ሰዎች ቤታቸውን ከክፉ ለመጠበቅ በጧፍ ነበልባል ሆን ብለው ያሳረፉት ነው ይላሉ።

ገዳሙ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ተዘጋ፤ ወደቡ በደለል ተሞላ፤ ገበያውም ተበተነ። ሌላ ቦታ ባለጸጋ ምዕመናን የአያቶቻቸውን እንጨት አውጥተው በዘመኑ ፋሽን ሲተኩ፣ ብላይዝበርግ የምትተካበት ገንዘብ አልነበራትም። በ1881 ሕንፃው ለአደጋ የተጋለጠ ነው ተብሎ ተዘጋ። እድሳቱ ሲታቀድ ዲዛይነሩ ዊልያም ሞሪስ የመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር «ጠግኑ እንጂ አታድሱ» በሚል አቋም ከሰበካው ኮሚቴ ጋር ተሟገተ። ክርክሩ መራራ ነበር፤ ምዕመናኑ ዝናብ የማያፈስ ጣሪያ ሲጠይቁ ማኅበሩ የድሮው እንጨትና ቀለም እንዳይነካ ይሟገት ነበር። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ተጠግና ተከፈተች፤ የጣሪያው ቀለምም የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊ እንደተወው ቀረ።